ባለቤት የሌለው ዓሣ፤ የዝዋይ ሐይቅ አስጋሪነት አጭር ታሪክ

የአርቦዬ ልጅ ስለ ዓሣ ምን ያውቃል? ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልቀየምም። አርቦዬ የአርሲ ደጋ ከተማ ናት፤ የጄጁ ወረዳ መቀመጫ። እኛ ያደግነው በገብስ፣ በስንዴና በወተት ነው። ዓሣን የማውቀው በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕልና እሑድ እሑድ በሚነበበው ወንጌል ነበር፤ ያው አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ።

እውነተኛ ዓሣ ያየሁት በ1972 ወይም በ73 ዓ.ም. ይመስለኛል። የጭነት መኪና ረዳት የነበረው አጎቴ ከመቂ ሲመለስ ሁለት ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አያቴ ጥቅሉን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷን አዞረች።

«አንተ ልጅ! ይሄ የእባብ ዘመድ በእኔ ድስት አይገባም» አለች።

«እማዬ፣ ጌታችን የበላው እኮ ነው» አላት አጎቴ።

«እሱ የሚያደርገውን ያውቃል። አንተ ግን ይዘህልኝ ውጣ!»

ዓሣው ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ ተቀቀለ። እኔና ወንድሜ በላን። ጣሳው ተጣለ። አያቴም እጃችንን ሁለት ጊዜ በሳሙና ሳታስታጥበን ቤት አላስገባችንም።

ዛሬ የእሷ የልጅ ልጆች በጾም ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ተሰልፈው ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለትና ዓሣ ለብለብ ያዛሉ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ደገኛው ዓሣ መብላት ተማረ። ዓሣው የሚመጣበት ሐይቅ ግን አንዲት ክንድ አልጨመረም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው፤ በአርሲና በምሥራቅ ሸዋ መካከል ስለተኛው ስለ ዝዋይ ሐይቅ፣ ስላስገሩበት ሰዎችና ዓሣው የማን ነው ስለሚለው ጥያቄ።

ሐይቁ

ዝዋይ ሁለት ስም አለው። የአካባቢው ኦሮሞ ደምበል ይለዋል። በምዕራብ ዳርቻው ያለችው ከተማም ለብዙ ዘመን ዝዋይ ስትባል ቆይታ ዛሬ ባቱ በሚለው ስሟ ትጠራለች። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ ምሥራቃዊው ዳርቻ ደግሞ በአርሲ ዞን ዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኛ አርሲዎች ከሐይቁ ግማሽ ያህል ዳርቻ አለን፤ ብዙዎቻችን ግን ይህን ልብ ብለነው አናውቅም።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ብቻ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 9 ሜትር ገደማ ነው። ከጎኑ ያለው ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ይሁንና ሻላ ጨውና ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ለአስጋሪ የሚሆን ዓሣ የለውም። ዝዋይ ጥልቀት ባይኖረውም ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ነው። ፀሐይ ገብቶበት፣ ነፋስ አማስሎት፣ ውኃው ውስጥ የሚበቅለው ረቂቅ አረንጓዴ ነገር ይበዛል። ዓሣው የሚወፍረው በዚያ ነው።

ጥልቅ አለመሆኑ ግን ሌላ ትርጉምም አለው። ዓሣው ከመረብ የሚሸሽበት ጥልቅ ማምለጫ የለውም ማለት ነው።

ሐይቁን የሚመግቡት ዋነኛ ወንዞች ሁለት ናቸው። መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ቀታር ከአርሲ ደጋ ይወርዳሉ። የእኛ የአርቦዬ ውኃ በአብዛኛው ወደ አዋሽ ስለሚፈስ በሐይቁ ላይ ብዙም ድርሻ የለንም። ከጭላሎ፣ ከገላማና ከካካ የሚወርደው ውኃ ግን በቀታር በኩል ሐይቁን ያጠጣል። ሐይቁ ሲሞላ ደግሞ ውኃው በቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይሄዳል። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ደሴቶቹና የዛይ ሰዎች

የዝዋይ አስጋሪነት ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ መጠራት ያለባቸው የዛይ ሰዎች ናቸው። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ዛይ የሚባለው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት በእነዚህ ደሴቶች ላይ ኖሯል። ጎረቤቶቻቸው ኦሮሞዎች ላቂ ይሏቸዋል። ቋንቋቸው ዛይኛ ከሐረሪና ከስልጤ ቋንቋዎች ጋር የሚቀራረብ ሴማዊ ቋንቋ ነው።

ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ላይ የማርያም ጽዮን ገዳም አለ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ያረፉት እዚህ ነው። አፈ ታሪኩን ማመንና አለማመን የአንባቢው ፈንታ ነው። የማይካደው ነገር ግን በዚህ ገዳም የቆዩ የግዕዝ ብራናዎች መገኘታቸውና የደሴቱ ሰዎች ከዋናው ምድር ተነጥለው ራሳቸውን ያቆዩ መሆናቸው ነው።

ያቆያቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እርከን ሠርተው ያረሱት ተዳፋት መሬት፣ ሁለተኛው ዓሣ። ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ተክል ባሰሩት ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ ለራት የሚሆነውን ያህል ያወጣሉ። በዋናው ምድር ያለው አርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢ ነበር። ለእሱ ሀብት ማለት ላም ነው፤ ዓሣ እንደ ምግብ የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ወገን ሣሩን፣ ሌላው ውኃውን ይዞ ኖረ። በመካከላቸው ግጭትም ነበር፣ ገበያም ነበር፤ በዓሣ ግን የሚሻማ አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ መጨረሻ አርሲን ካስገበሩ በኋላ የደሴቶቹ ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ ዳርቻው መውጣት ጀመሩ። ዛሬ አብዛኛው የዛይ ሰው የሚኖረው በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ከተሞችና መንደሮች ነው። በደሴቶቹ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ዓሣውን ለዘመናት በልክ ሲያወጡ የኖሩት ሰዎች ዛሬ ከብዙዎቹ አስጋሪዎች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ሆነዋል።

ዓሣ ወደ ገበያ ሲወጣ

ዓሣ የሚበላሽ ዕቃ ነው። ጠዋት የወጣ ዓሣ በቆላ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ይሸታል። ስለዚህ ከሐይቅ ራት ወደ ገበያ ዕቃ እስኪለወጥ መንገድና በረዶ መጠበቅ ነበረበት። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው አውራ መንገድ ሐይቁን ከአዲስ አበባ ጋር ካገናኘ በኋላ ነው ዝዋይ የዋና ከተማዋ የዓሣ ጓዳ መሆን የጀመረው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልጥቀስ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ ውስጥ በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የምናውቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ የአርሲን ስንዴና የአርሲን ላም ለመለወጥ ብዙ ደክሟል፤ ተሳክቶለታልም። የአርሲ ስንዴ በአገሩ ሁሉ ስሙ የተጠራው ከዚያ ወዲህ ነው። ሐይቁ ግን በጭላሎ ግርጌ ተኝቶ ሳለ የአርሲ ልማት ሲባል ዓሣ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ አልነበረም። የባሕር ዓሣም ነበረና! እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኤርትራ የቀይ ባሕር ዳርቻ በዓመት ወደ 25 ሺሕ ቶን የሚጠጋ ዓሣ ይወጣ ነበር፤ አብዛኛው ትንንሹ የሰርዲን ዘር ሲሆን ተፈጭቶ የእንስሳት መኖ ይሆን ነበር። በኋላ ጦርነቱና በ1967 (እ.ኤ.አ.) የስዌዝ ቦይ መዘጋት ያንን ሥራ አዳከሙት። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር አልባ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የእኛ ዓሣ ማለት የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ነው።

በደርግ ዘመን መንግሥት የዓሣ ማምረቻና መገበያያ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጁ፤ መረብና ጀልባ ቀረበላቸው፤ ያወጡትንም በተቆረጠ ዋጋ ለድርጅቱ ያስረክቡ ነበር። በአውሮፓ ማኅበረሰብ ድጋፍ የሐይቆች ዓሣ ልማት ፕሮጀክት የሚባል ሥራም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና 90ዎቹ ተካሂዷል። ጀልባ መሥራት፣ መረብ መጠገን፣ ዓሣ አጽድቶ መያዝ በሰፊው የተለመደው በእነዚህ ዓመታት ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ገበያው ተከፈተ። ነጋዴው በረዶውን በመኪና ጭኖ ከሐይቁ ዳር ሆኖ ይጠብቅ ጀመር። ናይለን መረብ ከየገበያው ይገዛል። ሥራ ያጣ ወጣት ሁሉ ሐይቁን የመጨረሻ ቀጣሪ አደረገው።

በዚህ ላይ ጾም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። በገበያው ላይ ግን ክርክር የለም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ፍላጎት ይንራል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ይህም ሆኖ ኢትዮጵያዊ በነፍስ ወከፍ በዓመት የሚበላው ዓሣ ከ1 ኪሎ በታች እንደሆነ ሲገመት ኖሯል። የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ያህል ነው። ገና ሳንጀምረው ሐይቁ ደከመ ማለት ነው!

ሐይቁ ውስጥ ማን ነበር፣ ማን ገባ?

የዝዋይ ንጉሥ ቆሮሶ ነው፤ ፈረንጆቹ የናይል ቲላፒያ የሚሉት። ሰሐናችን ላይ የሚቀርበው፣ የተጠበሰ ሙሉ ዓሣ ሲባል ሁላችንም የምናስበው እሱ ነው። አብረውት ባርበስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ዓሦች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ከዚህ አካባቢ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ ነው።

አሁን የምንበላቸው ሌሎቹ ግን እንግዶች ናቸው። ዚሊ የሚባለው ሌላ የቲላፒያ ዓይነትና ካርፕ ምርት ይጨምራሉ ተብሎ በተለያየ ጊዜ ሐይቁ ውስጥ ተጨመሩ። አምባዛም በዝዋይ ነባር አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ የገባ ነው። በመጡ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እንግዶቹ ቤቱን ተላመዱት። ቀድሞ ከሐይቁ ከሚወጣው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነበር። ዛሬ በጀልባ ውስጥ አምባዛና ካርፕ ትልቁን ቦታ እየያዙ ነው።

ለምን? የቆሮሶን የአራባብ ሁኔታ ማየት ይጠቅማል። ወንዱ ከዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አሸዋውን እየጠረገ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። እንቁላሉ እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ በአፏ ይዛቸው ትዞራለች። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ሮጠው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለች እናት ጥቂት ትወልዳለች፤ የወለደችውን ግን ታሳድጋለች።

እንግዲህ ከዳር ሆኖ በሚጎተት መረብ የሐይቁን ወለል ጠርጎ የሚያወጣ ሰው የሚያጠፋው ያን ዕለት የያዘውን ዓሣ ብቻ አይደለም። ጎጆው ይፈርሳል፤ በአፏ ጫጩት የያዘችው እናት ትያዛለች፤ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብም ጫጩቱ አብሮ ይወጣል። ዳር ዳሩን ያለው ቄጠማና ሸምበቆ ለእርሻ ሲመነጠር ደግሞ የመራቢያው ሰፈር ራሱ ይጠፋል። አምባዛ ግን ጭቃም፣ ድፍርስ ውኃም፣ የተጣለ የዓሣ አንጀትም ይስማማዋል። ሐይቁ ሲጎሳቆል ይበልጥ የሚጎዳው ቆሮሶ ነው።

«እኔ ብመልሳት ከኋላዬ ያለው ይይዛታል»

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም በአርሲ በኩል ወዳለው ዳርቻ ወርጄ ነበር። ጠዋት ነው። አባ ኮዳዎች ክንፋቸውን አጣጥፈው እንደ ሽማግሌ ተደርድረው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ አስጋሪ ጀልባው አጠገብ ተቀምጦ ከመረቡ ላይ ዓሣ ያላቅቃል። ከሚያላቅቀው ውስጥ መዳፍ የማይሞሉ ቆሮሶዎች ነበሩ።

«እነዚህን ትንንሾቹን ለምን አትመልሳቸውም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ብመልሳት ከኋላዬ ያለው ይይዛታል» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

በ1980ዎቹ ስድስት ኪሎ ሕግ ስንማር የንብረት ሕግ መምህራችን ስለ ባለቤት አልባ ነገር ሲያስረዱን ምሳሌያቸው ዓሣ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1151 ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ለማድረግ አስቦ የያዘ ሰው ባለቤቱ እንደሚሆን ይደነግጋል። ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ የማንም አይደለም፤ መረብ ውስጥ ሲገባ የአስጋሪው ነው። እኛ ተማሪዎች ሐሳቡ ግልጽና ቆንጆ መስሎን ነበር። አስጋሪው የነገረኝ ያንኑ ቁጥር 1151ን ነው፤ ከሐይቁ ዳር ሆኖ ሲሰማ ግን ቆንጆ አይደለም። ዓሣዋ የእኔ የምትሆነው ከገደልኳት ብቻ ከሆነ፣ በሕይወት ትቆይ ዘንድ የማስብበት ምክንያት የለኝም።

በርግጥ የኋላው ሕግ ይህን ለማረም ሞክሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። አዋጁ ዓሣ ከመጠን በላይ እንዳይመረት መከላከልን፣ ጥራት ያለው ዓሣ ማቅረብንና ዓሣ እርባታን ማስፋፋትን ዓላማው አድርጓል። ለገበያ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲያወጣ፣ የዓሣ ተቆጣጣሪም እንዲኖር ይላል። አዋጁን ያረቀቁትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

ችግሩ ከወረቀቱ ወደ ውኃው ሲወረድ ነው። ሐይቁ በሁለት ዞኖችና በበርካታ ወረዳዎች መካከል ነው። በአንዱ ዳርቻ የተከለከለ መረብ በሌላው ዳርቻ ይጣላል። ተቆጣጣሪ ጀልባ ከሌለው ተቆጣጣሪ አይደለም፤ ከዳር ሆኖ የሚያይ ተመልካች ነው። አስጋሪውም ቢሆን በአንድ ዳርቻ በማኅበር ተደራጅቶ ፈቃድ ከፍሎ ይሠራል፤ ሌሊት ላይ ያለፈቃድ የሚገባው ደግሞ ያው ዓሣ ነው የሚይዘው። ሕግ አክባሪው የሚቀጣበት ሥርዓት ከሆነ ሕግ አክባሪ አይበረክትም።

ሁለተኛው ችግር የዓሣው ሕግ ዓሣውን እንጂ ውኃውን አለመያዙ ነው። ውኃው በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው በአዋጅ ቁጥር 299/1995፣ ብክለቱ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ለእያንዳንዱ አዋጅ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። ከሐይቁ ዙሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ቲማቲምና ሽንኩርት ያጠጣሉ። ትላልቅ የአበባ እርሻዎችም ከዳርቻው አሉ። ከተማውም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ሁሉም ሥራ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ አንዱንም በጅምላ ልኮንን አልፈልግም። ነገር ግን ውኃው ሲቀዳ፣ ማዳበሪያውና ፀረ ተባዩ ታጥቦ ሲገባ፣ ከተራቆተው ደጋችንም አፈሩ በቀታር ሲወርድ፣ ዓሣው በየትኛው ጽሕፈት ቤት በኩል አቤት ይላል?

የአቢጃታ ትምህርት

ቡልቡላን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ዝዋይ ጨዋማ ያልሆነው ውኃው በቡልቡላ ስለሚወጣ ነው። ወንዞች ወደ ሐይቅ የሚያመጡት ጥቂት ጥቂት ጨው አለ፤ ፀሐይ ውኃውን እንጂ ጨውን አትወስድም። መውጫ ያለው ሐይቅ ጨዉን ይሸኛል። መውጫ የሌለው ያጠራቅማል።

አቢጃታ መውጫ የለውም። የዝዋይ ትርፍ ውኃ በቡልቡላ እየመጣ ሲያድሰው ግን ቆሮሶ ይኖርበት ነበር፤ አስጋሪዎችም ነበሩት። ከሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ወላጆች ዓሣ ለመያዝ የሚበሩት ወደ አቢጃታ ነበር። ከዚያ ከላይ በመስኖ የሚቀዳው ውኃ በዛ፤ ከአቢጃታም ራሱ ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ይሳብ ጀመር። ሐይቁ ሸሸ። ዳርቻው በብዙ መቶ ሜትሮች ወደ ውስጥ ገባ፤ የቀረው ውኃ ጨው ሆነ፤ ዓሣውም ጠፋ። ዛሬ ፔሊካኖቹ ምግብ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ይሄዳሉ። የአቢጃታን አስጋሪ ግን ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህ የሆነው በእኛ ዕድሜ፣ ሐዋሳ ለመዝናናት በመኪና ስናልፍ በመስኮት እያየነው ነው። ቡልቡላ እየቀጠነ ከሄደ ደግሞ ዝዋይ ራሱ መውጫ የሌለው ሐይቅ መሆን ይጀምራል። ያኔ ጥያቄው የቆሮሶ ብቻ ሳይሆን የመጠጥ ውኃና የመስኖም ይሆናል።

የኬልቄዶን ሰዎች

በዓለም ላይ ሰው ከበዛበት ጠባብ ውኃ ዓሣ ያጣነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጥቁር ባሕርን ከማርማራ ባሕር ጋር የሚያገናኘው የቦስፎረስ ሰርጥ ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከጠባቡ ቦታ 700 ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል። ከሰርጡ አንዱ ዳርቻ ባይዛንቲየም፣ ከማዶው ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ስሟ በክፉም በደጉም የሚነሳው ኬልቄዶን ነበረች። ጥንታዊው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ እንደጻፈው ከጥቁር ባሕር የሚወርደው ዓሣ በኬልቄዶን በኩል ባለ ነጭ ቋጥኝ ይደነግጥና ወደ ባይዛንቲየም ዳርቻ ይዞር ነበር። ባይዛንቲየም በዓሣ ስትበለጽግ ኬልቄዶን ከማዶ ሆና ታያለች።

ያ ሰርጥ ዛሬ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ያልፉበታል። የ1936ቱ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሮ ስምምነት የመርከቦቹን መተላለፍ ያስከብራል፤ ለዓሣው መተላለፍ ግን እንዲህ ያለ ውል የለውም። ለሺሕ ዓመታት በሰርጡ ይመላለስ የነበረው ትልቁ ቱና እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ወደ ጥቁር ባሕር መሄዱን ትቷል። ከመጠን ያለፈ ማስገር፣ ብክለትና የመርከብ ብዛት አንድ ላይ ሆነው አባረሩት። ከቱርኮች ገንዘብም፣ እውቀትም፣ መርከብም አልጎደለም። የጎደለው በጊዜ መወሰን ነበር።

ዝዋይ ሰርጥ አይደለም፤ መርከብም አያልፍበትም። ነገር ግን እንደ ሰርጡ ሁሉ ብዙ ሰው ብዙ ነገር የሚፈልግበት ጠባብ ውኃ ነው።

ምን ይደረግ?

እኔ የዓሣ ባለሙያ አይደለሁም። ባለሙያዎች አሉን፤ በሰበታ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፣ በባቱም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። እነሱ ለዓመታት የሚሉት ነገር የተሰወረ አይደለም፤ የመረብ ቀዳዳ ስፋት ይወሰን፣ የሚጎተተው መረብ ከመራቢያ ቦታ ይራቅ፣ ቆሮሶ በብዛት በሚራባባቸው ወራት ማረፊያ ይሰጠው፣ ዳርቻው በተክል ይሸፈን። እንደ ሕግ ሰው የምጨምረው ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ፈቃድ ያለው አስጋሪ ማኅበር የተወሰነ የሐይቅ ክፍል በስሙ ቢሰጠው ዛሬ የመለሳት ትንሽ ዓሣ ነገ የእሱ እንደምትሆን ያውቃል። ያኔ «ከኋላዬ ያለው ይይዛታል» የሚለው ምክንያት ይወድቃል። ሕገ መንግሥቱ ሀብቱ የሕዝብ ነው ሲል የማንም ይሁን ማለቱ አይመስለኝም። ለደሴቶቹ የዛይ ሰዎች ደግሞ ከሌላው በፊት ድርሻ ሊታሰብላቸው ይገባል።

ሁለተኛ፣ መቂ የሚነሳው ከሌላ ክልል ነው፤ ስለዚህ የውኃው ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መንግሥቱንም ይመለከታል። ስንት ሞተር ስንት ውኃ እንደሚስብ ተቆጥሮ፣ በቡልቡላ መውጣት ያለበት ውኃ በቅድሚያ ተቀንሶ፣ የቀረው ይከፋፈል። ይህ ደግሞ አዲስ አዋጅ አያሻውም፤ ያሉትን አዋጆች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው የሚፈልገው።

ያን ዕለት ከአስጋሪው ጋር ተሰነባብቼ ሐይቁን ዞሬ ባቱ ገባሁ። ጾም ነበርና ምግብ ቤቱ ሞልቷል። አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ቆሮሶ ጥብስ አለ፤ አምባዛም አለ» አለችኝ። ከልማድ ቆሮሶ አዘዝኩ። በሰሐን ላይ ጭራና ጭራቸው ተነባብሮ ሦስት ዓሣ መጣልኝ፤ አንዱ ብቻውን ሰሐኑን መሙላት ነበረበት። አጎቴ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣቸው ሁለቱ ዓሦች ትዝ አሉኝ፤ ጣሳው አልበቃቸው ብሎ ጭራቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር።

እጄን ታጥቤ ሦስቱንም በላሁ።